በሠላሳ ሦስት ድምፅ ስለተቆለፈው ሽንት ቤት

ሰበታ፣ ግንቦት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር ኦቦ አበራ ፉፋ
የአነስተኛ ገበያዎች ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቡራዩ

ጉዳዩ፦ በራሴ ስልጠና ላይ የቀረበ አቤቱታና የአንድ ቁልፍ ልመና

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ አካም ጅርቱ እላለሁ። እርስዎም፣ መላው ቤተሰብዎም፣ በየስብሰባው እርስዎን ተክተው የሚቀመጡት ምክትልዎም፣ በጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ከዛፉ ጥላ ሥር የምትውለው መኪናዎም በሙሉ ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ በማድረግ ነው ይህን የምጽፈው። ደብዳቤውን በኦሮምኛ ብቀጥለው ለእርስዎም ለአገሩም የበለጠ ክብር በሆነ ነበር፤ ነገር ግን አሥራ ስምንት ዓመት ሰበታ ኖሬ የእኔ ኦሮምኛ ከሰላምታ ተነሥቶ የሽንኩርት ዋጋ ጠይቆ ይመለሳል እንጂ ከዚያ ስለማያልፍ፣ እፍረቴን ይዤ በአማርኛ ለመቀጠል ፈቃድዎን እለምናለሁ።

ምናልባት መልኬን ከረሱት፣ እኔ ባለፈው ሚያዝያ ጽሕፈት ቤትዎ ለታች ሜዳ ገበያ ነጋዴዎች ባዘጋጀው የሦስት ቀን አሳታፊ ስልጠና ላይ፣ ባለ ቀለም ካርድ በእጄ፣ ማርከር በጥርሴ ይዤ ከግድግዳ ግድግዳ ስሯሯጥ የነበርኩት አሰልጣኝ ነኝ። እርስዎ ስልጠናውን «ሐሳብ የሕዝብ ነው» በሚል ንግግር ከከፈቱ በኋላ ለአስቸኳይ ስብሰባ ስለወጡና ሊዘጉት ብቻ ስለተመለሱ፣ በመካከሉ የሆነውን ሁሉ የማየት ዕድል አላገኙም። በመካከሉ የነበርኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ይህ አቤቱታ ከሞላ ጎደል በራሴ ላይ የቀረበ ነው፤ ለእርስዎ የተጻፈውም ቁልፉ በእርስዎ ዘንድ ስለሚገኝ ብቻ ነው።

ይህ ለሁሉም የሚነበብ ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ፣ የቁልፉን ነገር ለማያውቁ አንባቢዎች በአጭሩ ላስረዳ። እዚያው ቡራዩ በሚገኘው ታች ሜዳ ገበያ ውስጥ ስምንት ክፍል ያለው፣ ወለሉ በነጭ ሴራሚክ የተነጠፈ የሕዝብ ሽንት ቤት አለ። ከሁለት ዓመት በፊት ሪባን ተቆረጠለት፣ ፎቶ ተነሣ፣ ተቆለፈ። የተቆለፈውም «ተረካቢ አካል» እስኪመደብ ድረስ ነው ተባለ። ተረካቢው አካል እስከ ዛሬ ስላልተገኘ ሽንት ቤቱ በዙሪያችን ካሉት ሁሉ ንጹሑ ሆኖ ቀጥሏል፤ ለዚህ ጽሕፈት ቤትዎ ምስጋና ይገባዋል። በገበያው ከማለዳ እስከ ማታ የሚቀመጡት ከመቶ በላይ ሴቶች ግን ቀኑን የሚገፉት ውሃ ባለመጠጣት ነው። ወንዶቹ ከአጥሩ ጀርባ ይሄዳሉ። ሴቶቹ ችለው ይውላሉ።

ስለ እኔም ጥቂት ልበል። አሥራ አንድ ዓመት የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ፤ ያኔ ተማሪ ሲንጫጫ ዝም በሉ እል ነበር። ከዚያም አዳማ ሄጄ የአምስት ቀን የአሰልጣኞች ስልጠና ወስጄ ተመለስኩ፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ዝም ሲል ተንጫጩ እላለሁ። ሰርተፊኬቴ ሳሎናችን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል። አንድ ቀን ባለቤቴ ወርቅውሃ ለምሳ ምን ይሠራ ብላ ብትጠይቀኝ፣ በቅድሚያ ሁላችንም ሐሳብ እናምጣ፣ የማይረባ ሐሳብ የሚባል የለም ብያት ነበር፤ እሷም የራሷን ሐሳብ አምጥታ ሳምንቱን ሙሉ ሽሮ አበላችኝ። ይህን የምጽፈው እንግዲህ በቤቱም በውጭም በሚገባ የተፈተነ ባለሙያ ነው።

አቤቱታዎቼ የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ) የመጀመሪያው ስለ ማነቃቂያ ጨዋታዬ ነው። ከማለዳ ዕቃ አውርደው፣ ልጅ ትምህርት ቤት አድርሰው የመጡ ሠላሳ ሦስት ጎልማሶችን በክብ አቁሜ፣ የክር ኳስ እየተወራወሩ ስማቸውንና እንስሳ ቢሆኑ ምን እንደሚሆኑ እንዲናገሩ አዘዝኳቸው። የመጀመሪያው ሰው አንበሳ ነኝ አለ። ሁለተኛዋ ከእሱ መብለጡም ማነሱም ነውር መስሎ ታያትና እሷም አንበሳ ነኝ አለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ቤቱ በሙሉ አንበሳ ሆነ። በዚያች ሰዓት ይሉኝታ በዚህ አገር ምን ያህል ጉልበት እንዳለው መረዳት ሲገባኝ፣ ይህ በራሱ የሚተማመን ቡድን ነው ብዬ አስጨበጨብኩ። በመጨረሻ ክሩ ከወንበር እግር ጋር ተወሳስቦ ሲቀር፣ ወይዘሮ መብሩካ የሚባሉ፣ በዚያ ገበያ ሃያ ዓመት በርበሬና ኮረሪማ ሲሸጡ የኖሩ የስልሳ አንድ ዓመት እናት ቁጭ ብለው በትዕግሥት ፈቱት፣ ጠቀለሉት፣ ለልጆችህ ሹራብ ይሆናል ብለውም መለሱልኝ። በሦስቱ ቀናት ውስጥ በዚያ አዳራሽ የተሠራ የሚጨበጥ ሥራ እሱ ብቻ ነበር።

2ኛ) ሁለተኛው ስለ ቡድን አመሠራረቴ ነው። ነጋዴዎቹ ሲመጡ በሚያውቁት መንገድ፣ ጎረቤት ከጎረቤት፣ የአንድ ረድፍ ሰዎች በአንድ ላይ ሆነው ተቀምጠው ነበር። ይህ ለእኔ አደገኛ መስሎ ታየኝ። ከአንድ እስከ አራት ቁጠሩ አልኳቸው፤ ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በኦሮምኛ ቶኮ፣ ለማ እያለ ቆጠረ፤ እኔም ሃያ ዓመት አብረው የሠሩትን ሰዎች በአራቱ ማዕዘን በተንኳቸው። ሁለት እህትማማቾችን በምሥራቅና በምዕራብ ግድግዳ ለይቼ ሳስቀምጥ አንዷ የሌላዋን የሱቅ ቁልፍ ይዛ ስለነበር፣ ውይይቱ በተጀመረ በየአሥር ደቂቃው በአዳራሹ መካከል ይመላለሱ ነበር። ይህም የሐሳብ ብዝኃነትን ያመጣል ተብሎ አዳማ ላይ ተምሬአለሁ። ከዚያ ለየቡድናችሁ ስም አውጡ አልኳቸው። ከአራቱ ሦስቱ «አንድነት» የሚለውን ስም ስላወጡና አንዱም ለሌላው ሊለቅ ስላልፈቀደ፣ አንድነት ሀ፣ አንድነት ለ እና አንድነት ሐ ብዬ ለያየኋቸው። አራተኛው ቡድን ራሱን «መምህር ወንዳፍራሽ» ብሎ ሰየመ። እኔም አልከለከልኩም።

3ኛ) ሦስተኛው ስለ ካርዱ ነው፤ በዚህ ላይ በተለይ በራሴ አዝናለሁ። ሕጌ የማያወላውል ነበር፦ አንድ ሐሳብ በአንድ ካርድ፣ ከሦስት ቃል እንዳይበልጥ፣ ከሩቅ በሚነበብ ጽሕፈት። የውይይቱ ርእስ የገበያውን ንጽህና እንዴት እናሻሽል የሚል ነበር። ወይዘሮ መብሩካ ተነሡና አንዳንዴ በአማርኛ አንዳንዴ በኦሮምኛ ሩብ ሰዓት ያህል ተናገሩ። ጠዋት ከቤት ሲወጡ አንድ ስኒ ሻይ ብቻ እንደሚቀምሱ፣ ከዚያ በኋላ ፀሐዩ ቢከርም በርበሬው ጉሮሮ ቢያቃጥልም ውሃ እንዳያምራቸው ራሳቸውን እንዳስለመዱ ነገሩን፤ በረመዳን ሌላው ሰው ለአንድ ወር ይጾማል እንጂ እኛ የታች ሜዳ ሴቶች ዓመቱን ሙሉ ጾመኞች ነን እያሉ ቤቱን አሳቁት። መፍትሔም ነበራቸው። ቁልፉ ለነጋዴው ይሰጥ፣ ገበያው ስድስት ረድፍ ስለሆነ እያንዳንዱ ረድፍ በሳምንት አንድ ቀን ያጽዳ፣ ውሃ በበርሜል ይቀዳ፣ በእሑድ ገበያው ስለሚዘጋ ሽንት ቤቱም ይረፍ አሉ። ኦቦ አበራ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ሁለት ዓመት ሲፈልገው የኖረው ተረካቢ አካል በዚያች ደቂቃ አዳራሹ ውስጥ ቆሞ ይናገር ነበር።

እኔ ምን አደረግሁ? «በጣም ድንቅ ነው፣ አሁን በሦስት ቃል ያሳጥሩልኝ» አልኳቸው።

ማርከር ይዘው መጻፉ ስላልተመቻቸው እኔው ራሴ «ሽንት ቤቱ ይከፈት» ብዬ ጽፌ ለጠፍኩላቸው። ስድስቱ ረድፍ፣ በርሜሉና እሑዱ በካርዱ ላይ ስላልገቡ ቀሩ። በኦሮምኛ የተናገሩትን ግማሹን ደግሞ ቀድሞውኑ አልሰማሁትም፤ እየሰማሁ እንደሆነ ለማሳየት ግን አንገቴን በደንብ ነቅንቄአለሁ።

4ኛ) አራተኛው ስለ ድምፅ አሰጣጡ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። ካርድ እንዴት እንደሚጻፍ ለማሳየት በመጀመሪያው ቀን ጠዋት፣ በሁሉም ፊት፣ በራሴ እጅ አንድ ናሙና ጽፌ ከግድግዳው አናት ላይ ለጥፌ ነበር። ምን ልጻፍ ብዬ አልተጨነቅሁም፤ ለአፌ የቀረበው ቃል ወጣ። «ግንዛቤ ይፈጠር» የሚል ነበር። ምሳሌውን ካሳየሁ በኋላ ማንሣት ረሳሁት፤ ምናልባትም ጽሕፈቱ አምሮብኝ ሳላነሣው ቀረሁ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ለእያንዳንዱ ሰው አንዲት ቀይ ክብ ተለጣፊ ሰጥቼ፣ ለገበያው ይበጃል በሚለው ሐሳብ ላይ በነፃነት እንዲለጥፍ ጠየቅሁ። ሰው በጸጥታ ተሰለፈ። ተለጣፊው ተቆጠረ። ከሠላሳ አራት ድምፅ ሠላሳ ሦስቱ «ግንዛቤ ይፈጠር» ላይ ነበር፤ ቀይ ሆኖ ጽሕፈቱ እንኳ አይነበብም። አንዲት ነጥብ ብቻ ከታች ጥግ «ሽንት ቤቱ ይከፈት» ላይ ቀረች።

ያቺ አንዷ ነጥብ የሀሰኖ ነበረች። ሀሰኖ የፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴ ሲሆን በመጀመሪያው ቀን ከመርካቶ ዕቃ ሲያስጭን ውሎ፣ በሁለተኛውም ቀን የደረሰው ከሻይ እረፍት በኋላ ነበር፤ ሠላሳ አራተኛው ሰው እሱ ነው። ከቤቱ ሐሳብ ለምን እንደተለየ በትሕትና ጠየቅሁት። እሱም ግድግዳውን አንብቦ የሚጠቅመውን እንደመረጠ ነገረኝ። እኔ ደግሞ የመጀመሪያውን ቀን ያልተከታተለ ሰው ሒደቱን አለመረዳቱ የሚጠበቅ ነው ብዬ ለተሳታፊዎቹ አስረዳሁ፤ እነሱም በጨዋነት አጨበጨቡ። ከዚያም ከቀዩ ካርድ አጠገብ ቆሜ ፎቶ ተነሣሁ። ፎቶው እስካሁን ቴሌግራሜ ላይ አለ፤ እንዳላነሣው ወርቅውሃ ለቅጣት ይቆይ ብላለች።

5ኛ) አምስተኛው ስለ ሪፖርቴ ነው። አርባ ሁለት ገጽ ነው። «በከፍተኛ መግባባት የተገኘ አሸናፊ ሐሳብ» የሚል ንኡስ ርእስ አለው። እርግማኔ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ቁጥር መስጠቱን ተውኩት፤ ነገሩ ከእኔ እጅ ወጥቶ ወደ እርስዎ እጅ የገባው ከዚህ በኋላ ነውና።

ጽሕፈት ቤትዎ ለሕዝብ ድምፅ ያሳየው ፍጥነት ልቤን ነክቶታል። በሁለት ዓመት አንድ ቁልፍ ከሚስማር ላይ ማንሣት ያልቻለው መሥሪያ ቤት፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ አዳራሽ አስይዞ፣ ባነር አሳትሞ፣ የሁለተኛ ዙር ስልጠና መጥሪያ ላከልኝ። የስልጠናው ርእስ «የሕዝብ ሽንት ቤት አጠቃቀም ግንዛቤ ማስጨበጫ» ይላል። ቦታው ሱሉልታ ነው። ለምን ሱሉልታ ተመረጠ የሚል ሰው ቢኖር መጥሪያው ራሱ በሁለተኛው አንቀጽ መልሶታል፤ የተመረጠው ሆቴል የተሟላ የንጽህና አገልግሎት ስላለው ነው። እንግዲህ የቡራዩ ነጋዴዎች ስለ ሽንት ቤት ለመማር፣ ሽንት ቤት ወዳለበት ከተማ ይጓዛሉ ማለት ነው። ሀሰኖ ይህን ሲሰማ ከታች ሜዳ ሱሉልታ ድረስ ሄዶ ተጠቅሞ መመለስ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚፈቀድ ጠይቋል፤ ጥያቄውን ለእርስዎ አስተላልፌአለሁ።

አሰልጣኙ እኔ መሆኔን ሳነብ ደስ አለኝ። ይህንንም አልደብቅም፤ ሆቴሉ ጥሩ ነው፣ የሱሉልታ አየርም ይስማማኛል። ደስታዬንም ለመካፈል፣ ከሰበታ ተነሥቼ በዓለም ገናና በአየር ጤና አልፌ፣ ሦስት ታክሲ ቀይሬ ታች ሜዳ ገበያ ደረስኩ። በርበሬም እገዛለሁ፣ ወይዘሮ መብሩካንም ለሁለተኛው ዙር እጋብዛለሁ ብዬ ነበር። መደባቸው በላስቲክ ተሸፍኖ አገኘሁት። ጎረቤታቸው ከታመሙ አሥር ቀን እንደሆናቸው ነገረችኝና ቤታቸውን አሳየችኝ።

ወይዘሮ መብሩካ ፍራሽ ላይ ጋደም ብለው ነበር። ሐኪሙ ሕመሙ የኩላሊት ኢንፌክሽን እንደሆነ፣ ይህም ለሁለተኛ ጊዜ እንደያዛቸው፣ ከእንግዲህ በቀን ሁለት ሊትር ውሃ ካልጠጡና ሽንት መያዝ ካልተዉ ሦስተኛው የከፋ እንደሚሆን ነግሯቸዋል። ልጃቸው ገበያው ይቅር ብላለች። እሳቸው ደግሞ ገበያው ቢቀር ሃያ ዓመት የቆዩበትን መደብ በአንድ ወር ሌላ ሰው እንደሚይዘው፣ ያለዚያ መደብም በልጅ እጅ መኖር እንደሚጀምሩ ያውቃሉ። ከሁለት አንዱን መምረጥ አለባቸው፤ ወይ መደባቸውን፣ ወይ ኩላሊታቸውን። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ስለ ራሳቸው ሳይሆን ስለ አንድ ሩቅ ዘመድ የሚያወሩ በሚመስል ድምፅ ነው።

እኔም ሞኙ፣ ታዲያ ሐሳብዎ ያን ያህል አስፈላጊ ከሆነ ለምን አንድ ድምፅ ብቻ አገኘ፣ ሌላው ይቅር እርስዎ ራስዎ ለምን አልመረጡትም ብዬ ጠየቅኋቸው።

ወይዘሮ መብሩካ በፈገግታ አዩኝና እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ አንተ እኮ እንግዳ ነህ። ያቺን ወረቀት በእጅህ ጽፈህ ከላይ ሰቀልካት። ባዶዋን ስትቀር ብታፍርስ? የእኔን ሌላው ሰው ያነሣዋል አልኩና ላንተ ለጠፍኩልህ።»

ክቡር ኦቦ አበራ፣ ከዚያ ቤት ወጥቼ ተመልሼ ገበያው ገባሁ፤ አንድ በአንድ ጠየቅሁ። ሽንኩርት ነጋዴዋም፣ ልብስ ሰፊውም፣ ሁለቱ እህትማማቾችም መልሳቸው አንድ ነበር። ሠላሳ ሦስት ሰው፣ መምህሩን አናሳፍር፣ የሽንት ቤቱን ሌላው ይመርጠዋል ብሎ አስቧል። ሀሰኖ ብቻ አርፍዶ ስለመጣ የካርዱ ጸሐፊ ማን እንደሆነ አያውቅም ነበር። በዚያ አዳራሽ በነፃነት ድምፅ የሰጠው አንድ ሰው እሱ ነው፤ ይህንንም ነፃነት ያገኘው የእኔን ስልጠና ባለመከታተሉ ነው። በዚህ አገር እንግዳ ያበሰለው እንኳ ቢያርር ጣፈጠ እንደሚባል የማያውቅ የለም፤ እኔ ግን ሰርተፊኬቴን ስሰቅል ያደግሁበትን ረስቼው ነበር። ሰዎቹ እኔን አከበሩኝ። እኔ ያንን ክብር ቆጥሬ፣ በመቶኛ አስልቼ፣ በሠንጠረዥ አስቀምጬ ለእርስዎ አስረከብኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

በማግስቱ ወደ ቢሮዎ መጥቼ ነገሩን ሁሉ እንዳስረዳሁ ያስታውሳሉ። ስላስገቡኝ አመሰግናለሁ፤ አርባ ደቂቃ ብቻ ነው ያስጠበቁኝ። ስህተቱ የእኔ ነው፣ ሪፖርቱ ይታረም፣ ቁልፉም ለነጋዴዎቹ ይሰጥ ብዬ ለመንኩ። እርስዎም በከፍተኛ ጨዋነት «እርስዎ ራስዎ ያወጡትን የሕዝብ ድምፅ እኔ እንዴት ብዬ ልሻረው?» አሉኝ። ለሕዝብ ድምፅ ያለዎት ታማኝነት እንዲህ ያለ ጽናት እንዳለው ባውቅ ኖሮ፣ ናሙናዬ ላይ «ቁልፉ ይሰጥ» ብዬ ጽፌ ይህን ሁሉ በአንድ ጠዋት በጨረስነው ነበር። የጽሕፈት ቤትዎ ባለሙያ የሆነችው ትጊም ሪፖርቱ ማህተም ስላረፈበት ሊታረም እንደማይችል፣ ቅሬታ ካለ ግን በሁለተኛው ዙር ስልጠና ላይ በካርድ ሊቀርብ እንደሚችል በአክብሮት ገለጸችልኝ። ካርዱ ከሦስት ቃል እንዳይበልጥም አሳሰበችኝ። ይህን ሕግ ከማን እንደተማረችው ስለማውቅ አመስግኛት ወጣሁ።

እየወጣሁ ሳለ ከጸሐፊዎ ወንበር ጀርባ ባለው ሰሌዳ ላይ ቁልፉን አየሁት። ቁጥር ሰባት፣ «ታች ሜዳ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት፣ በአረንጓዴ ክር የታሰረ ነው። እጄን ብዘረጋ እደርስበት ነበር። ያደግሁበት ሥርዓት ያዘኝ፤ ይሉኝታ የሠላሳ ሦስቱ ሰዎች ብቻ ሕመም እንዳይመስልዎ ነው ይህን መንገሬ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ልመናዬ አጭር ነው። በሱሉልታው ስልጠና ላይ አልገኝም። ይህን ለመወሰን ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ከሁለቱ አንዱን ቀን ስለ ሆቴሉ ቁርስ ሳስብ ነው ያሳለፍኩት። የሪፖርቴን ገጽ አሥራ ሰባት፣ ገጽ አሥራ ስምንትና ያንን እርጉም ሠንጠረዥ በዚህ ደብዳቤ በይፋ ሽሬአለሁ። ሠላሳ ሦስቱ ድምፆች ለአንድ ሰበታ ነዋሪ የተሰጡ የመስተንግዶ ድምፆች ስለሆኑ፣ በውለታ መልክ እኔ ዘንድ ይቆዩ፤ ለገበያው የተሰጠው ድምፅ አንድ ነው፤ በሙሉ ድምፅ አልፏል። ቁልፍ ቁጥር ሰባት ለወይዘሮ መብሩካና ለስድስቱ ረድፎች ይሰጥልኝ። አርባ ሁለት ገጽ ጽፌ ያበላሸሁትን፣ እርስዎ እጅዎን ወደ አንድ ሚስማር በመዘርጋት ሊያቃኑት ይችላሉ። ለዚህ አዳራሽም ባነርም አያስፈልግም።

ለትዕግሥትዎ፣ ለመክፈቻ ንግግርዎ፣ ለመዝጊያ ንግግርዎ፣ በመካከል ደግሞ ስላልነበሩ በሙሉ ልብ እያመሰገንኩ፣ ሥራዎ ሁሉ ተረካቢ አካል የሚያገኝበት ዘመን እንዲሆንልዎ እመኛለሁ።

በራሱ ካርድ የተሸነፈው፣
የአሳታፊ ዘዴ አሰልጣኝ፣ የቀድሞ የጂኦግራፊ መምህር፣
በራሱ ስም የተሰየመ ቡድን የነበረው፣
ወንዳፍራሽ ገብረየስ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ መብሩካ (ጮክ ተብሎ ይነበብላቸዋል)
ለአቶ ሀሰኖ፣ የብቸኛው ድምፅ ባለቤት
ለታች ሜዳ ገበያ ዋና በር (ይለጠፋል)

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ደብዳቤውን ጨርሼ ላስነብባቸው ትናንት ገበያው ስደርስ ነጋዴዎቹ ከሀሰኖ ሱቅ ጀርባ ተሰብስበው ነበር፤ ወይዘሮ መብሩካም በልጃቸው ተደግፈው መጥተዋል። ልግባ ስል ሀሰኖ በሩ ላይ ቆሞ፣ አንተ ካለህ እናፍራለን፣ እባክህ ውጭ ጠብቀን ብሎ በትሕትና መለሰኝ። ሃያ ደቂቃ ያህል ጆንያ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ካርድ አልነበራቸውም፣ ቡድን አልተከፋፈሉም፣ ማንም አንበሳ አልሆነም። የወጡት በአንድ ሐሳብ ነው፦ ከገበያው የአምስት ደቂቃ መንገድ ላይ፣ በጽሕፈት ቤትዎ አንደኛ ፎቅ፣ «ለባለጉዳይ ክፍት ነው» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሽንት ቤት መኖሩን ስላስታወሱና ሁሉም ባለጉዳይ ስለሆኑ፣ ቁልፍ ቁጥር ሰባት እስኪሰጣቸው ድረስ በየቀኑ በረድፍ በረድፋቸው ወደ እርስዎ ይመጣሉ። ለእኔ የሰጡኝ ድርሻ የተራውን ዝርዝር በሚነበብ ጽሕፈት መገልበጥ ነው፤ መቶ አሥራ አራት ስም ከዚህ ጋር አያይዤ ልኬአለሁ። የመጀመሪያዋ ወይዘሮ መብሩካ ናቸው፤ ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል። እባክዎ በሩ እንዳይቆለፍ ያሳስቡልን፤ በሃያ ዓመት የገበያ ኑሯቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠዋት ውሃ ጠጥተው ነው ከቤት የሚወጡት።